የእማዬ ዘጠኝ ደቂቃ

ለምወድሽና እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ደጃፉን ተሻግሮ፣ ጓዳ ድረስ ገብቶ፣ ከተቀመጥሽበት ያግኝሽ። እንዴት ነሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከመቀመጫሽ ስትነሺ ግድግዳውን ትደገፊያለሽ? ዓይንሽስ? አዲሱ መነጽር ተስማማሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው፣ ሳሉ ለቀቀው? የኔ ሚጣስ? ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የወለቀው ጥርሷ በቀለ ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደህና ናት? ቤቱስ፣ ደጁስ፣ ያ አልዘጋም ብሎ ያስመረረን በር እንዴት ሰነበተ?

እኔ አምላክ ይመስገን በልቼ አድራለሁ፣ ሠርቼ እገባለሁ፣ አካሌ ሙሉ ነው። ከናፍቆትሽ በቀር አንዳች ጉድለት የለብኝም ብዬ ልቀጥል ነበር፣ እንደ ወጉ። ግን ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ የቀደድኩት እዚችው መስመር ላይ ስደርስ ነው። ስለዚህ ወጉን ልተወውና እውነቱን ልንገርሽ፤ ደህና አይደለሁም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንደኛው የእማዬን ድምፅ እንድልክልሽ ነው፤ ሚጣ የአያቷ ድምፅ እየጠፋባት እንደሆነ፣ እንዴት ነበር የምትጠራኝ እያለች እንደምታስጨንቅሽ ጽፈሽልኛል። ሁለተኛው፣ እማዬ በመጨረሻው ሰሞን አንቺን ከክፍሉ አስወጥታ ብቻዋን የቀዳችልኝ መልእክት ምን ይል እንደነበር እንድነግርሽ ነው። የእናትና የልጅ ምስጢር ነው ብዬ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ፣ አሁን ግን አላስችል አለኝ ብለሻል።

እታለም፣ ሳላዞር ልንገርሽ። የእማዬ ድምፅ የለም። የላክሽልኝ ሁሉ፣ ያ የመጨረሻውም ጭምር፣ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሌባ አልወሰደው፣ እሳት አልበላው፤ በገዛ እጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እያፏጨሁ ነው ያጠፋሁት። በስልክ ልነግርሽ ደውዬ ነበር፤ ሄሎ ስትዪኝ ስለ ጋሼ ሳል ጠይቄ ዘጋሁት። ድምፄን ቀድቼ እንዳልልክልሽ ደግሞ ያን የመቅጃ ቁልፍ ለመንካት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ።

እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ልንገርሽ። ጥፋቴን ለማሳነስ አይደለም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ወንድም አለኝ እያልሽ ለሰው ስትመኪብኝ ኖረሻል፤ ያ ጠጋኝ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማወቅ ይገባሻል።

የምንሠራበት ቤት ጠባብ ነው። ፊት ለፊት የእንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ አለ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ የእኛ ክፍል ነው፣ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ተደርድረውበታል። ቀኑን ሙሉ የምሠራው አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ የዘገየውን ማፍጠን። ሰው ማሽኑን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ ይመጣል፤ ጠዋት ለኩሼው ቁርሴን በልቼ ስመለስ ገና እየከፈተ ነው ይለኛል። ሃርድ ዲስኩን አወጣለታለሁ። ሃርድ ዲስክ ማለት ኮምፒውተሩ ያለውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ዕቃ ቤት ነው። የድሮው ውስጡ እንደ ሸክላ ማጫወቻ የሚሽከረከር ሳህን አለው፣ ሲያረጅ ያቃስታል። በምትኩ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለውን አስገባለታለሁ፤ እሱ ምንም የሚዞር ነገር የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ከመዳፍ ያንሳል። ሦስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ማሽን በአሥራ ሁለት ሰከንድ ይከፈታል። ሰዎቹ ሲያዩት ይስቃሉ፤ ያቀፈኝም አለ።

ከደንበኛ ጋር የምንጨቃጨቀው በመጠኑና በፍጥነቱ ነው። መቶ ሃያ ጊጋ የሆነው ማሽኑን የሚያስነሳውን ሲስተም ከተሸከመ በኋላ ትንፋሽ አይተርፈውም፤ ለቢሮ ሰው ሁለት መቶ አርባ ይበቃዋል፤ ፎቶና ቪዲዮ ለሚወድ አምስት መቶ፤ ምንም ነገር መጣል ለማይሆንለት ሰው አንድ ቴራ። ጢም ብሎ ከሞላ ይንቀራፈፋልና ክፍት ቦታ ተዉለት እላለሁ። ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብበው የሚሞግቱኝ አሉ፤ በሰከንድ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሜጋ ይላል እኮ ይሉኛል። ማሽኑን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። በኬብል የሚገናኘው ዓይነት፣ ምንም ቢሉት፣ ከአምስት መቶ ሃምሳ ሜጋ አይዘልም፤ መስመሩ ራሱ ከዚያ በላይ አያሳልፍም። እንደ ማስቲካ ጠፍጣፋ የሆነውና ቦርዱ ላይ የሚሰካው ነው ያን ያህል የሚሮጠው፤ እሱም ቦርዱ የቆየ ከሆነ በግማሽ ይወርዳል። ከድሮ ዲስክ ላይ ዕቃ ስትገለብጪ ደግሞ አዲሱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ያን ሽማግሌ ቆሞ መጠበቁ አይቀርም። ይህን ሁሉ ሳብራራ ብታይኝ የሆነ አስተማሪ ነው የምመስልሽ።

አንድ የምኮራበት ነገርም ነበረኝ። የማንንም ዲስክ ከመንካቴ በፊት በወረቀት የማስሞላው ሦስት ጥያቄ አለ፤ የይለፍ ቃልዎ ምንድን ነው፣ ምኑ ነው ያስቸገረዎት፣ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጡት ነገር አለ ወይ የሚሉ። ዴስክቶፕ ማሽኑ እንደተከፈተ ፊት ለፊት የሚታየው ገጽ ነው። ሦስተኛዋን ጥያቄ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሰው የሚወደውን ነገር ዕቃ ቤት አይከተውም፣ ከዓይኑ እንዳይርቅ ፊት ለፊት ያኖረዋል፤ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ሲስተሙ ሲቀየር አብሮ ነው የሚጠፋው። በዚች ጥያቄ ብዙ ሰው ከለቅሶ አድኛለሁ። አለቃችን ሳይቀር በሰው ፊት አመስግኖኛል።

አሁን ወደ ራሴ ማሽን ልምጣ። ከተጣሉ ኮምፒውተሮች እየለቀምኩ የገጣጠምኩት ነው፣ አንድ ጎኑ ክዳን የለውም። ሁለት ዲስክ ነበረው፤ ሲስተሙ ያለበት መቶ ሃያ ጊጋ ኤስ ኤስ ዲ፣ ለማከማቻ ደግሞ አንድ ቴራ የሚሽከረከር የድሮ ዲስክ። የእማዬን መልእክቶች ስልኬን በቀየርኩ ጊዜ ወደዚህ ማሽን አዛወርኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ የመጣውንም ሁሉ ከስልኬ እያነሳሁ እዚያው እጨምር ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሰው ነበር። ያ ሁሉ ባዶ ቦታ በማከማቻው ላይ እያለኝ እዚያ አላስቀመጥኳቸውም። ዴስክቶፑ ላይ ነው ያኖርኳቸው፣ እማዬ ብዬ ጽፌባቸው፣ ከዓይኔ እንዳይርቁ።

ሁሉም ተደምሮ አንድ ጊጋ እንኳ አይሞላም ነበር። የአራት ዓመት ወሬዋ፣ ሳቋ፣ ሳሏ፣ ምርቃቷ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር የተኳረፈችውና የታረቀችው ሁሉ ጥፍር በምታክል ካርድ ገብቶ ገና ቦታ ይተርፍ ነበር። አንድ ቅጂ ማስቀረት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሰውን ሁሉ ሁለት ቦታ አስቀምጡ እያልኩ የምገሥጸው እኔ ነኝ።

ያንቺም ስልክ ትንሽ ነበር። ሞላ አለኝ፣ ምን ላድርግ ስትዪኝ ምን ብዬ እንደመለስኩልሽ ትዝ ይልሻል? "ላኪና አጥፊው፤ እኔ ጋ ቦታ እንደ ልብ ነው" ነበር ያልኩሽ፣ ደረቴን ነፍቼ። አንቺም አምነሽኝ አንድም ሳታስቀሪ እየላክሽ አጠፋሽ። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። ቃሌን ባትሰሚኝ ኖሮ ዛሬ እናታችን አንቺ እጅ ላይ ነበረች።

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ አለቃችን ሥራህ ጥሩ ነው ብሎ አምስት መቶ ጊጋ፣ ያንን ጠፍጣፋውን ዓይነት፣ ሰጠኝ። እንደ ልጅ ፈነጠዝኩ። የኔ ዲስክ ጢም ብሎ ሞልቶ ለመከፈት አርባ ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። እሁድ ጠዋት ማሽኑን ወለሉ ላይ አስተኛሁት፣ ማከማቻውን አየሁ፣ ሁሉም በቦታው ነው። በአዲሱ ላይ ሲስተሙን ከባዶ ጫንኩ፤ በዘጠኝ ሰከንድ ተከፈተ። ነቅዬ ያወጣሁትን መቶ ሃያ ደግሞ በማግስቱ ለእንግዳ ተቀባይዋ ይዤላት ሄድኩ፤ ማሽንሽ ኤሊ ነው እያልኩ ስቀልድባት ስለነበር ልክሳት ብዬ ነው። ከመግጠሜ በፊት ፎርማት አደረግኩት፣ ማለትም በውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጌ ባዶ አደረግኩት። አራት ሰከንድ ፈጀ። በዚያው ቀን ስድስት ደንበኛ መጥቶ ነበር፤ ስድስቱንም ሦስተኛዋን ጥያቄ ጠይቄያቸዋለሁ። እኔን ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

እንዴት ሳታየው ቀረህ ትዪኝ ይሆናል። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያን ፎልደር ማየት አቅቶኝ ዓይኔ እሱን መዝለል ለምዶ ነበር። አዲሱ ሲከፈት ገጹ ጽድት ብሎ ታየኝ፤ እፎይ አልኩ። ለምን እፎይ እንዳልኩ ራሴን አልጠየቅኩም። ያተረፍኩትን ሠላሳ አንድ ሰከንድም ምን እንዳደረግኩበት አላውቅም፤ ኩባያ አጥቤበት ይሆናል።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እጄን ታጥቤ፣ ወንበሬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ለሚጣ የሚሆነውን መርጬ ልልክ ነበር። ገጹ ባዶ ነው። ማከማቻውን ከፈትኩ፤ የለም። በስሟ ፈለግኩ፣ በቀኑ ፈለግኩ፤ የለም። ከዚያ ያ አራት ሰከንድ ትዝ አለኝ። ተነስቼ ቆምኩ፣ መልሼ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ከጎኔ ያለው ጎረቤት ግድግዳውን አንኳኩቶ ምን ሆነሃል ያለኝ ለካ ድምፅ አውጥቼ ኖሮ ነው።

ያን ጊዜ እንኳ ፈጽሞ ተስፋ አልቆረጥኩም። በድሮው ዲስክ ላይ ጠፋ የተባለ ነገር ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል እንጂ ሌላ እስኪጻፍበት ዕቃው እዚያው ተኝቶ ይቆያል። አብሮን የሚሠራ፣ ዶክተር ብለን የምንጠራው አንድ ትልቅ ሰውዬ አለ፤ ሞተ ከተባለ ዲስክ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ መዞ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። መቶ ሃያውን ከእንግዳ ተቀባይዋ ማሽን ነቅዬ ወሰድኩለት። የምን ፋይል ነው አለኝ፣ የድምፅ ነው አልኩት። የማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ ገብቶት መሰለኝ። የያዘውን ሥራ አስቀመጠና ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስከ መዝጊያ ሰዓት ፈተሸው። በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"ወንድሜ፣ የሚሽከረከረው ቢሆን ኖሮ ቆፍሬም ቢሆን አወጣልህ ነበር። ይኼኛው ግን አጥፋ ሲሉት የምሩን ነው የሚያጠፋው" አለኝ።

እኔም አውቀው ነበር። ይኸ ዲስክ ፍጥነቱን የሚያገኘው በዚሁ ነው፤ አያስፈልግም የተባለውን ሁሉ ወዲያው እየጠረገ፣ ነገ የሚመጣው ሳይጠብቅ እንዲጻፍ ቦታውን ባዶ አድርጎ ያሰናዳል። ለደንበኞቼ እያሞገስኩ የማወራላቸው ነገር ነው። ዶክተር ኮቴን አምጥቶ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝና መንገዱ ድረስ ሸኘኝ።

እታለም፣ እስካሁን ያነበብሽው ቀላሉ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ።

የእማዬን መልእክቶች ሁሉ አልሰማኋቸውም። በመጀመሪያው ዓመት እሰማ ነበር። እንዴት እንደምትጀምር ታውቂያለሽ፤ ጤናህ እንዴት ነው ትላለች፣ እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ፣ ጫማህ ውሃ አያስገባም ወይ ትላለች፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ደህና ነው ትለኛለች። ሰላምታው ብቻ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም ባይ ሆኜ ነበር። ስልኩ ላይ ድምፅ ማፍጠኛ አለ፤ እሱን መንካት ጀመርኩ። እናቴን በእጥፍ ፍጥነት ነበር የምሰማት እታለም። ዘጠኝ ዓመት ሳላያት የኖርኩትን ሴትዮ፣ ያችን አንዲት ቃል ተናግራ ትንፋሽ የምትወስደውን ሴትዮ፣ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ አስሮጥኳት። አሁን ድምጿን ላስታውስ ስል ጆሮዬ ላይ የሚመጣው ያ ቀጭን፣ የተጣደፈ ድምፅ ነው። የእሷ አይደለም፣ የኔ ሥራ ነው።

ኋላ ደግሞ መስማቱንም ተውኩት። የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ ረጋ ብዬ እሰማዋለሁ እያልኩ አስቀምጥ ነበር። በዚያው ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ከፍቼ ያልተሰሙ ብዬ ጻፍኩበት። ስልሳ ሦስት ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰምቻለሁ እማዬ፣ አመሰግናለሁ ብዬ መልሼላታለሁ። የዕረፍት ቀኔ መጥቶ አያውቅም ልልሽ አልችልም። መጥቷል። እየተኛሁ አሳልፌዋለሁ።

የመጨረሻው ስልሳ ሦስተኛው ነበር። ርዝመቱን አስታውሰዋለሁ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። የአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ ሁለት ማሽን በአንድ ቀን አድርስ ተብዬ ጉልበቴ ላይ ብሎን በትኜ ተቀምጬ ነበር ሲገባ። ዘጠኝ ደቂቃ ሳይ አሁንማ አልችልም አልኩና ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ "እሺ እማዬ፣ ሰምቻለሁ፣ እሺ" ብዬ ድምፄን ቀድቼ ላክሁላት። ሁለት ጊዜ እሺ ማለቴ ደስ ይበላት ብዬ ነው።

አንቺ በደብዳቤሽ ያን ቀን ምን እንደሆነች ጻፍሽልኝ። ድምፄን አሰምታሽ፣ ይኸው እሺ ብሎኛል፣ አሁን ሐሳብ የለብኝም እንዳለችሽ፣ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቃዥ እንደተኛች። እናታችን እፎይ ብላ የተኛችው በኔ ውሸት ላይ ነው። የሆነ ነገር ጠይቃኛለች፣ እሺ ብያታለሁ። ምኑን እሺ እንዳልኩ ግን አላውቅም። አንቺ ከበሩ ውጭ ነበርሽ፣ እኔ ብሎን እለቅም ነበር። የሰማት የለም።

አንድ የተረፈ ነገር አለ፣ እሱንም ልንገርሽ። በሱቃችን ማሽን ጠግነን ስንጨርስ ድምፁ መሥራቱን የምንሞክርባት አንዲት ፍላሽ አለች። ከዓመታት በፊት ለመሞከሪያ የሚሆን አጭር ነገር ሲጠፋ የእማዬን የመጀመሪያውን መልእክት እሷ ላይ ገልብጬ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ናት። ሱቁ ውስጥ የማያውቃት የለም። ከፍቼ ሳጫውታት እንግዳ ተቀባይዋ ከፊት ሆና እንሰማሻለን እማማ ትላለች፣ ደንበኛውም ይስቃል። እኔ ስፒከሩ ይሰነጥቃል አይሰነጥቅም የሚለውን ብቻ ነበር የምሰማው። ከዶክተር ጋር በተለያየን ማግስት ጠዋት ስገባ ፍላሿ ጠረጴዛዬ ላይ በንጹህ ወረቀት ተጠቅልላ አገኘኋት። እሱ ነው ያስታወሳት፤ እኔ ጭራሽ ዘንግቻት ነበር።

በዚች አሥራ አንድ ሰከንድ እማዬ የምትለው ይኸው ነው፦ "ሄሎ፣ ይኼ ነገር ይቀዳል እንዴ? ልጄ፣ ትሰማኛለህ? ቀስ ብዬ ነው የማወራው፣ እንድትሰማኝ።"

በዚያን ዕለት አሥር ጊዜ ያህል ሰማኋት፣ በራሷ ፍጥነት። አሁን አራት ቦታ አስቀምጫታለሁ፤ አሥራ አንድ ሰከንድ፣ አራት ቦታ፣ ሳቂብኝ ከፈለግሽ። አምስተኛዋ ይህ ደብዳቤ የተጠቀለለበት ካርቶን ውስጥ ያለችው ፍላሽ ናት። ጋሼ መሥሪያ ቤት ወስዶ ይክፈትላችሁ። ሚጣን አስቀምጫትና አሰሚያት። ስሟ እዚያ ውስጥ የለም፤ እንዴት እንደምትጠራት ግን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ደግሞ ስትቆጪ ቁርጥ እማዬን ነው የምትመስዪው፤ ድምፁን ከሰማሽ በኋላ አንቺ ጥሪላት።

ስለ ዘጠኙ ደቂቃ ያሰብኩትን ልንገርሽ። እሺ ያልኩት ለምን እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ልትጠይቀኝ የምትችለውን ሁሉ ላደርግ ነው። አንዱ እሱ መሆኑ አይቀርም። መጀመሪያ ሾፌሩ ወንድማችን ጋ ደወልኩ፤ ካኮረፍኩት ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖኛል። ሄሎ ሲል ምን እንደምለው ጠፍቶኝ እማዬ ብላኛለች አልኩት። ምን አለችህ አለኝ። አላውቅም አልኩት። በላህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እሱም ያው እሷን ነው የሚመስለው። ቀጥሎ ውሃ የማያስገባ ጫማ ገዛሁ። ለበሩ የሚሆን መቀርቀሪያና ማጠፊያ ከፍላሿ ጋር ልኬልሻለሁ። ልጄ ሆይ ሚስት አግባ ብላኝ ከሆነ እሱ እንኳ ጊዜ ይፈልጋል፤ መቃብሯ ጋ ስትሄጂ አስቦበታል በዪልኝ። ለአለቃችንም ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ናና እየኝ ብላኝም ከሆነ እመጣለሁ። የምመጣው ሰው ወደሌለበት ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን አንቺን የምለምንሽ ይኸ ነው። በምላሽሽ ልትቆጪኝ ትችያለሽ፣ ይገባኛል። ከተቆጣሽ በኋላ ግን አንቺ ከጎኗ ቁጭ ብለሽ ስልኩን ይዘሽላት የነበርሽውን ቀን ሁሉ አስቢና ትዝ ያለሽን ጻፊልኝ። በነዚያ በስልሳ ሁለቱ ምን ምን እንዳለች፣ ማንን እንዳማች፣ በምን እንደሳቀች ጻፊልኝ። ስለ ዘጠኙ ደቂቃም፣ ምን ልትጠይቀኝ እንደምትችል የሚመስልሽን ሁሉ ጨምሪበት፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ።

ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ለጋሼ፣ ሳሉን ሐኪም ሳያየው ቀረ ብዬ አልሰማ። ለኔ ሚጣ፣ ጥርሷ ቢበቅልም ባይበቅልም አፏን ሳትሸፍን እንድትስቅ። ለሾፌሩ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ እንዳይቸኩል። ለልብስ ሰፊዋ፣ እማዬ ስሟን እያነሳች ስትስቅ ሰምቼ ነበርና ያንን ንገሪያት፤ እሱንስ በርግጥ ሰምቼዋለሁ። ለእማዬ ብዬ ልጽፍ እጄ ሄዶ ነበር፤ የተሰረዘውን አይተሽ አትደንግጪ።

ስትጽፊልኝ አታሳጥሪው እታለም። ሰላምታውንም እንዳለ ጻፊው፣ እሷ እንደምትለው፣ እንቅልፌን፣ ምግቤን፣ ጫማዬን ሁሉ እየጠየቅሽ፣ የቤቱን ሰው አንድም ሳታስቀሪ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጥገና ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ
ኅዳር 14 ቀን